የዕለት ቤት፦ በዓላችን ከብራና እስከ ስልክ

ነሐሴ 12 ቀን ሲመሽ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ መንደሮች ችቦ ይበራል። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጃፉ ይዞራሉ፣ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፣ ጅራፉም ከመስክ ወደ መስክ ይጮኻል። በማግስቱ ነሐሴ 13፣ ከተማዋ ስሙን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል ነው። ዕለቱ ግን የቡሄ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 1 የገባው የፍልሰታ ጾም ገና አልተፈታም። በየወሩ በ13 የሚታሰበው እግዚአብሔር አብም በዚሁ ቀን ይውላል። በዚያ ላይ አንዱ ገበሬ የማኅበር ተረኛ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው፣ በየወሩ የሚመላለሰውና 15 ቀን የሚዘልቀው በአንዲት ዕለት ተደራርበው ያርፋሉ።

የቀን መቁጠሪያ የሚሠራ ሰው፣ በብርዕም ይሥራ በኮምፒውተር፣ ይህን ሁሉ በአንዲት ጠባብ አራት ማዕዘን ውስጥ ማሳየት አለበት። የትኛው ጎልቶ ይጻፍ? የትኛው ከበስተጀርባ ይሁን? ጾሙስ 15 ጊዜ ይጻፍ ወይስ አንድ ረጅም መስመር ተደርጎ ይሣል? ዛሬ የስልክ አፕ የሚነድፉ ወጣቶች የሚጨነቁበት ይህ ጥያቄ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው።

የቀን መቁጠሪያችን መጀመሪያ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ የተሠራ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባሕረ ሐሳብ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ ለነበረው ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የተገለጠ ነው። የዚህ ስሌት ፍሬ ለሕዝቡ የሚደርሰው መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ነው። ሊቁ ይቆምና ወንጌላዊው ማን እንደ ሆነ፣ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል ያውጃል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ የዓመቱን ጾምና በዓል በጆሮው ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ልማድ ዛሬም አለ።

ስሌቱን ላላየው ሰው 2016 ዓ.ምን እንውሰድ። በ5500 ላይ 2016 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7516 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፣ ስለዚህ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፣ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። 10 በ19 ተባዝቶ 190፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ዋለ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 10 እና 8 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 18፤ ነነዌ የካቲት 18 ሰኞ ገባች። በነነዌ ላይ 14 ቀን ሲጨመር ዐቢይ ጾም፣ 67 ሲጨመር ስቅለት፣ 69 ሲጨመር ትንሣኤ ይገኛል፣ ይኸውም ሚያዝያ 27። ለዚህ ሁሉ ወረቀት አላስፈለገም። ተማሪው ቁጥሩን በጣቱ አንጓ እየያዘ በቃሉ ይወጣዋል።

ነገሩ ከእጅ ወደ ብራና ሲገባ መልክ አወጣ። ሊቃውንቱ ዘመንን ክብ አድርገው ነው ያሰቡት። ዐውደ ዕለት 7፣ ዐውደ ፀሐይ 28፣ ዐውደ አበቅቴ 19፣ ዐውደ ማኅተም 76፣ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት እያሉ ሰባት ዐውዶችን ደረደሩ። 532 የ19 እና የ28 ብዜት ነው፣ በዚያን ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ ሳምንቱን ጨምረው ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። በየገዳማቱ ብራናዎች ላይ ይህ ስሌት በሰንጠረዥና በክብ ሥዕል ተቀምጦ ይገኛል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ እነዚህን ጽሑፎች መርምሮ በ1979 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

ለዓይን የታሰበው ሌላው ብልሃት ቀዩ ቀለም ነው። ጽሑፉ በጥቁር ይወርድና የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳኑ ስም ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ብርዑን ይለውጣል። ስንክሳርን የገለጠ ሰው የዕለቱን ባለቤት ለማግኘት መስመር በመስመር ማንበብ አያስፈልገውም፣ ቀዩ ራሱ ይጠራዋል። በደቡብ ጎንደር ደግሞ ዕለትን የመለየቱ ሥርዓት በዜማም ሥር የሰደደ ነው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ድጓ ራሱ ዓመትን ተከትሎ የተሰደረ መጽሐፍ ነው፦ ከመስከረም የሚነሣው ዮሐንስ፣ ከዚያ አስተምህሮ፣ ከዚያ ፋሲካ። እያንዳንዱ በዓል በዜማው ይታወቃል። የቤተልሔም ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ዜማ የትኛው ወቅት ላይ እንዳለ ይነግረዋል። አንድን ዕለት ከሌላው ለመለየት ከዚህ የበለጠ የረቀቀ መንገድ አላውቅም።

ይህ የበዓላትና የአጽዋማት ሥርዓት በኃይል የተነካው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. አሥር ቀን ዘልሎ አዲስ አቆጣጠር አውጥቶ ነበር። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ በ1625 እ.ኤ.አ. የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ከእምነቱ ጋር የሮማን የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠር በሕዝቡ ላይ ጫነ። ለገበሬው ይህ የቁጥር ጉዳይ አልነበረም። ጾሙ በሌላ ቀን ገባ፣ በዓሉ በሌላ ቀን ዋለ፣ ሊቁ መስከረም 1 ያወጀው ፈረሰ። ቅሬታው አንድ ብቻ ባይሆንም አቆጣጠሩ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ከላስታ የተነሣው ዐመፅ ቤጌምድርን አናወጠ፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፣ ዙፋኑም ለፋሲለደስ አለፈ። ቀኖቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ደብረ ታቦር በታሪክ ውስጥ ጎልታ የምትወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ባደረጓት ጊዜ ነው። ራስ ዓሊም ከዚያው ገዙ፣ አፄ ቴዎድሮስም አዘውትረው ሰፈሩባት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍም በአጠገቧ ባለችው በጋፋት አሠሩ። በ1860 መጀመሪያ ከተማዋን አቃጥለው መድፉን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀን በቀን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የአሮጌ ውጊያ የሆነው ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው የሞቱት ሚያዝያ 6፣ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነው። የዚያ ዓመት ትንሣኤ በእንግሊዞቹም አቆጣጠር በዚያው እሑድ ውሎ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን በስቅለታቸው ዕለት ተዋጉ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በቁጥር ብቻ አላስታወሱትም። ዘመነ ዮሐንስ፣ ስቅለት፣ የፋሲካ ማግስት ብለው ያዙት። በዓሉ የዘመኑ ምልክት ነበር፣ ቁጥሩ የሚመጣው ከኋላ ነው።

ቁጥሩ ወደ ፊት የመጣው ከማተሚያ ቤት ጋር ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታት ወረቀቱ ወደ ግድግዳ ወጣ። የግድግዳ ካሌንደር አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ ሰባት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ፣ በየዕለቱም አንድ ቤት። በቤቱ መካከል የእኛ ቀን በትልቁ፣ ከጥግ የፈረንጁ ቀን በትንሹ፣ ከሥር የቅዱሱ ስም፣ በብዙዎቹም ላይ የግእዝ አኃዝ። የሥራ መዝጊያ በዓል ሲሆን ቁጥሩ ቀይ ነው። የብራናው ጸሐፊ ቀይ ቀለም በማተሚያው በኩል ተመልሶ መጣ ብል ማጋነን አይሆንም።

እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ወረቀት ከምድጃው ጭስ በራቀው ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። ማንበብ የማይችሉ አያቶቻችን እንኳ ያነብቡት ነበር፤ ምክንያቱም ሰንጠረዡ የራሱ ጥበብ አለው። አሥራ ሁለቱም ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ አቦ በ5፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19 ሁልጊዜ በአንድ ዓምድ ላይ ተደርድረው ይወርዳሉ። ሥላሴ በ7፣ ማርያም በ21፣ አማኑኤል በ28 እንዲሁ። ኪዳነ ምሕረት በ16 እና ጊዮርጊስ በ23ም አንድ ዓምድ ናቸው። የዚህ ወር ሚካኤል ማክሰኞ ከዋለ የሚቀጥለው ሐሙስ ይውላል፣ በየወሩ ሁለት ዓምድ እየተሻገረ። ወሩ በመጨረሻው ዓምድ ካልጀመረ በቀር አምስት ረድፍ ይበቃዋል። ወሮቹ 28፣ 30፣ 31 እያሉ የሚለዋወጡበት የፈረንጁ ሰንጠረዥ ይህ ሥርዓት የለውም። ብቸኛዋ እንግዳ ጳጉሜን ናት፣ አምስት ወይም ስድስት ቤት ብቻ። አንዳንዱ አታሚ ሙሉ ገጽ ይሰጣታል፣ ሌላው በነሐሴ እግር ሥር ይሸጉጣታል። ለእኔ ገጽ መስጠቱ ነው ትክክል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር እንጂ ተረፈ ነሐሴ አይደለችምና።

ግድግዳው ፖለቲካም ነበረበት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መስከረም 2 ቀላ፣ ከ1983 በኋላ ደግሞ ግንቦት 20። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የእስልምና በዓላት በብሔራዊ በዓልነት መታወጃቸው ነው። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በአገሪቱ ካሌንደር ላይ ቀይ ቤት አገኙ። አታሚዎቹም ያልለመዱት ነገር ገጠማቸው፦ ጨረቃ ካልታየች ቀኑ ወደ ማግስቱ ይዞራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀኑ እንደ ጨረቃዋ መታየት ሊለወጥ እንደሚችል ማስታወሻ ተጨመረ። ያልተረጋገጠን ቀን ያልተረጋገጠ አድርጎ ማሳየት ትልቅ የንድፍ ቁም ነገር ነው። የግድግዳው ካሌንደር በአንዲት መስመር ፈታው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1998 እ.ኤ.አ. አይካሌንደር የተባለው ደንብ ሲወጣ በዓለም ያሉ የካሌንደር ፕሮግራሞች ቀጠሮን የሚጽፉበትና የሚለዋወጡበት የጋራ ቋንቋ አገኙ። ይህ ቋንቋ የሚያውቀው አንድ አቆጣጠር ብቻ ነበር፣ የጎርጎርዮስን። በተከታዩ ዓመት የኮምፒውተር ፊደላት ደንብ የሆነው ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ ፊደላችንንና አኃዛችንን አስገባ። ፊደሉ ቤት ሲያገኝ ዘመኑ ገና ደጅ ቆሞ ነበር። ያም ሆኖ ሥራው አልቆመም። ናኩም ደርሾዊትዝና ኤድዋርድ ራይንጎልድ በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ዓለም አቆጣጠሮች ባሳተሙት መጽሐፍ የእኛንም ስሌት አካተቱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ፦ የዘመን ቆጠራ ቅርሳችን» የሚለውን መጽሐፋቸውን ከሚኒሶታ አወጡ። የእነ ደርሾዊትዝ መጽሐፍ ቀንን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው መለወጥ ያስተምራል፣ የጌታቸው ደግሞ ቀኑ ለምን እንደሚከበር። የስልክ ካሌንደር የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ማንበብ ነበረበት፣ ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

በ2006 እ.ኤ.አ. ጉግል ካሌንደሩን ሲያወጣ ዛሬ ሁሉም የለመደው መልክ ተስፋፋ፦ ቀጠሮ ማለት ባለ ቀለም ሳጥን፣ የብዙ ቀን ጉዳይ ማለት በቀኖቹ አናት ላይ የተዘረጋ ቀበቶ። መልኩ ለቢሮ ስብሰባ የተሰፋ ነው። ቀኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል፣ ከፀሐይ መውጫ አይደለም። የእኛ 3 ሰዓት በ9 ላይ ይሣላል። የክብረ በዓል ማኅሌት ሌሊቱን የሚያልፍ ስለሆነ ሳጥኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆረጥና ግማሹ በዋዜማው፣ ግማሹ በበዓሉ ይወድቃል። ለጋይንት ደብተራ ግን ያ ሌሊት አንድ ነው፣ በዋዜማው ማታ የተጀመረው በዓል እስኪወጣ አይቆረጥም።

ከሁሉ የከፋው ድግግሞሹ ነበር። የሚካኤል ማኅበሩን በስልኩ ላይ ለመመዝገብ የፈለገ ሰው «በየወሩ በ12» ቢል የፈረንጁ 12 ይመጣበታል። «በየ30 ቀኑ» ቢል ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለ ችግር ይሄድለታል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ግን 35 ቀን አለ፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 36። ጳጉሜን ስትመጣ ሚካኤሉ ይዛነፋል፣ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ አይመለስም። እኔም ይህን ሞክሬ መስከረም ላይ ማኅበርተኞቼን በተሳሳተ ቀን ጠርቻለሁ። ጠላው የተጠመቀው ለሌላ ቀን ነበር፣ ባዶ ቤት መጥተው ተመለሱ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

መፍትሔው በደንብ መልክ የተጻፈው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የኢንተርኔት ደንቦችን የሚያወጣው አካል ቁጥሩ 7529 በሆነ ሰነድ ድግግሞሽ በሌሎች አቆጣጠሮችም እንዲጻፍ ፈቀደ። በሰነዱ ውስጥ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ የእኛው ነው፦ የኢትዮጵያ 13ኛ ወር መጀመሪያ ቀን፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2013 ተብሎ በፈረንጅ የተጻፈ። ጳጉሜን 1 ቀን 2005 ማለት ነው። በነሐሴ እግር ሥር ትሸጎጥ የነበረችው ወር በዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ምሳሌ ሆና ቆመች። ዩኒኮድ ባዘጋጀው የአቆጣጠር ዝርዝርም፣ በአፕል ስልኮች ውስጥም ዓመተ ምሕረትና ዓመተ ዓለም ለየብቻ ስም አግኝተዋል። የድሜጥሮስ 5500 በኪሳችን ውስጥ አለ። ደንብ መኖሩ ግን አፑ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ዛሬም የሚያየው በፈረንጅ ሰንጠረዥ ላይ የእኛ ቀን በትንሹ የተለጠፈበትን ነው፣ የግድግዳው ካሌንደር ተገልብጦ።

ልዩነቱ በግልጽ የታየው በ2016 ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ሆነች፣ መስከረም 1ም ሴፕቴምበር 12 ዋለ። ልደት እንደ ሥርዓቱ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ተከበረ። ጥምቀት ጥር 11 ዋለ፣ በፈረንጁ ግን ጃንዋሪ 19 መሆኑ ቀርቶ 20 ሆነ። ጥምቀትን በጃንዋሪ 19 ላይ ቸንክሮ የተወ ፕሮግራም ሁሉ ከተራን የጥምቀት ቀን አድርጎ አሳየ። ቡሄ ግን አይናወጥም፤ የአንዱ ቀን ዝንፈት የካቲት ላይ ስለሚያበቃ ነሐሴ 13 በየዓመቱ ኦገስት 19 ነው። በዚያው ዓመት ከላይ ያሰላነው ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ሲውል ከአርበኞች የድል በዓል ጋር ተገናኘ። በአንድ ቤት ውስጥ ትንሣኤና የነጻነት ቀን! በአንዳንድ ስልኮች ላይ ሁለቱ እኩል መጠን ባላቸው ሳጥኖች ተደርበው፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ ታዩ። የስንክሳር ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በቀይ፣ አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ፣ ማንንም ሳይሸፍን ይጽፋቸው ነበር።

ዛሬ በደብረ ታቦርም፣ በባሕር ዳርም፣ በአዲስ አበባም አፕ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ይህን የምጽፈውም ለእናንተ ነው። ከፈረንጁ ሰንጠረዥ አትነሡ፣ ከ30 ቀኑ ተነሡ። ጾሙን ቀበቶ አድርጉት፣ ወርኃዊውን ቅዱስ ከሥር በደቃቁ፣ የዓመቱን በዓል በቀይ። ቀኑን ከንጋት አስጀምሩት፣ ማኅሌቱን አትቁረጡት፣ ጨረቃ የምትወስነውን በዓል ቀለሙን አሳሱት። ከመንደፋችሁ በፊትም አንድ መስከረም 1 ቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ ባሕረ ሐሳቡ ሲነገር ስሙ።

የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 6 ቅዳሜ ትውላለች፣ የ2020 መስከረም 1 እሑድ። ጥምቀቱ እንደገና ጃንዋሪ 20 ይሆናል።